ሥራ የፈታው ውሃ

ዛሬ የምተርክላችሁ ሰው በእጁ ቆፍሮ ስላስኬደው ውሃ ነው። አገሩ እንግሊዝ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።

ዓመቱ 1758 ነው። ፍራንሲስ ኤጀርተን የሚባል፣ የብሪጅዋተር ሦስተኛው መስፍን፣ ገና የ22 ዓመት ጎረምሳ ነበር። በለንደን ደግሞ በውበቷ ስሟ የገነነ ኤልሳቤጥ ጋኒንግ የምትባል መበለት ነበረች። መስፍኑ አጫት። እጮኝነቱ ግን ሳይሰምር ፈረሰ። ጎረምሳው የለንደንን ጭፈራና ድግስ እርግፍ አድርጎ ተወና ሰሜን ወዳለው ርስቱ፣ ወደ ወርስሊ ሄደ። እስኪሞት ድረስ ሚስት አላገባም። ልቡን የሰጠው ለድንጋይ ከሰልና ለውሃ ሆነ።

የወርስሊ መሬት ሆዱ ከሰል ነው። ገበያው ማንቸስተር ነው፤ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። የጭነት ፈረስ በጀርባው ተሸክሞ የሚያደርሰው ከአንድ ኩንታል ብዙም አይበልጥም። በዚያ ላይ ጉድጓዱ ውሃ እያቆረ ቆፋሪዎቹን ያስቸግራል። መስፍኑ በወጣትነቱ አውሮፓን ሲዞር በፈረንሳይ አገር በ1681 የተከፈተውን ትልቁን የሚዲ ቦይ አይቶ ነበርና፣ ከርስቱ አስተዳዳሪ ከጆን ጊልበርት ጋር ሆኖ አንድ ነገር አሰበ። ጉድጓዱን የሚያስቸግረው ውሃ ለምን ራሱ ከሰሉን አይሸከምም? ውሃውን ከተራራው ሆድ አውጥተን፣ ቦይ ቆፍረን፣ እስከ ማንቸስተር እንውሰደው አሉ። እንዳሉትም አደረጉ። ጀልባዎቹ እተራራው ውስጥ ድረስ እየገቡ ይጫኑ ጀመር። በኋላ በኋላ በመሬት ውስጥ ብቻ የተቆፈረው የጀልባ መንገድ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ።

ሥራውን እንዲሠራ የተጠራው ጄምስ ብሪንድሊ ነው። ይህን ሰው ልብ በሉልኝ። የወፍጮ መዘውር የሚሠራና የሚጠግን ባለሙያ ነበር፤ ትምህርት ቤት እምብዛም አልቀመሰም፣ ስሙን ከመጻፍ ብዙም አያልፍም ነበር። ንድፍ የሚነድፈው በጭንቅላቱ ነው። አስቸጋሪ ነገር ሲገጥመው አልጋው ላይ ይወጣና ሁለት ሦስት ቀን ተኝቶ ያስባል፤ መላውን ሲያገኝ ተነስቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ይህን የጻፉለት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

ከቦዩ መንገድ ላይ የኢርዌል ወንዝ ተጋድሟል። ብሪንድሊ ወንዙን በድልድይ እሻገረዋለሁ አለ። ጀልባ ውሃ ላይ፣ ውሃው ድልድይ ላይ፣ ድልድዩ ወንዝ ላይ! ተሳቀበት። ጉዳዩ ፓርላማ ሲቀርብ፣ ውሃ እንዴት ድልድይ ላይ ይቆማል ላሉት መልሱ ጭቃ ነበር ይባላል። ሸክላ አፈርና አሸዋ በውሃ ለውሶ፣ ረግጦ፣ ውሃ አስቀምጦበት አሳያቸው። ቤት ለመምረግ ጭቃ ረግጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ነገር አይጠፋውም፤ በደንብ የተረገጠ ጭቃ ጠብታ አያሳልፍም። ሐምሌ 17 ቀን 1761 የባርተን ድልድይ ተከፈተ፤ ከሰል የጫነ ጀልባ ከወንዙ በላይ፣ በሰማይ በኩል አለፈ። ወንዙ ላይ በሌላ ጀልባ የሚያልፉት አንጋጠው አዩት። ቦዩ ማንቸስተር ሲደርስ የከሰል ዋጋ በግማሽ ወረደ።

አሁን ነገሩ ተቀጣጠለ። ሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅውድ ሳህንና ሲኒው በፈረስ ጀርባ እየተሰባበረ መከራውን ሲያይ የኖረ ሰው ነበር፤ ውሃ ደግሞ አያንገጫግጭም። በ1766 የትሬንትና መርሲ ቦይ ሲጀመር የመጀመሪያውን አፈር የቆረጠው እሱ ነው፤ ሥራው ለብሪንድሊ ተሰጠ።

እዚህ ላይ ብሪንድሊ የእንግሊዝን ቦዮች ዕድል የወሰነበትን ነገር አደረገ። መንገዱን የሄርካስል ተራራ ዘጋበት፤ ዋሻ መቆፈር አለበት፤ ዋሻ ደግሞ በሰፋ ቁጥር ወጪው ያብጣል። ዳገቱን ለመውጣትም ሎክ ያስፈልጋል። ሎክ ማለት ከላይና ከታች የእንጨት መዝጊያ ያለው የድንጋይ ጉድጓድ ነው። ጀልባዋ ከታች በኩል ትገባለች፤ የታችኛው መዝጊያ ይዘጋል፤ ከዚያ የላይኛው ውሃ በትንሽ መስኮት ይለቀቅና ጉድጓዱ ሲሞላ ጀልባዋ አብራ ከፍ ትላለች። ሲሞላ የላይኛው መዝጊያ ይከፈታል፣ ትወጣለች። ስትወርድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሞተር የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፤ የሰው ክንድና የውሃ ክብደት ብቻ። ነገር ግን አንዲት ጀልባ ባለፈች ቁጥር ከ100,000 ሊትር የማያንስ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ብሪንድሊ ገንዘቡንና ውሃውን አሰላና ሎኩን ጠባብ አደረገው፤ ሁለት ሜትር ከምናምን ስፋት፣ ሃያ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት። ከዚህ የሰፋ ጀልባ አያልፍም። ሌሎች ቦዮችም ከዚያው ጋር መገናኘት ነበረባቸውና ይህንኑ መጠን ተከተሉ። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ፤ ለአሁኑ ስፋቱን ያዙልኝ።

የሄርካስል ዋሻ 11 ዓመት ፈጀ። 2.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን ለፈረስ መሄጃ አልነበረውም። ፈረሱ በተራራው ላይ ዞሮ ሲሄድ፣ ሰዎች ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ እግራቸውን ከዋሻው ጣሪያና ግድግዳ ላይ አሳርፈው፣ በጨለማ ውስጥ ጀልባውን በእግራቸው እየገፉ ያሳልፉት ነበር። ሦስት ሰዓት ያህል! ብሪንድሊ ግን ዋሻው ሲያልቅ አላየም። በ1772 ቦይ ሲለካ ዝናብ ደብድቦት፣ በዚያው ታሞ ሞተ። ሥራው በ1777 አለቀ። በ1790 መርሲ፣ ትሬንት፣ ሴቨርንና ቴምስ የሚባሉት አራቱ ትልልቅ ወንዞች በቦይ ተያይዘው አበቁ። ለዚህ ሁሉ አካፋና ዶማ የያዙት ስማቸው ያልተጻፈ ቆፋሪዎች ናቸው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በአጭሩ ልለፈው፤ ባለገንዘብ ሁሉ በቦይ አክሲዮን አበደ። አንዱ ሲያተርፍ አንዱ ከሰረ። ከዚያ ዘመን ሥራዎች አንዱን ሳልጠራ ግን አላልፍም። በዌልስ ምድር ቶማስ ቴልፈርድና ዊሊያም ጄሶፕ በ1805 የፈጸሙት የፖንትከሱልቴ ድልድይ ከሥሩ ካለው ወንዝ 38 ሜትር ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ርዝመቱ 307 ሜትር፣ ውሃው በብረት ገንዳ ውስጥ ነው። በአንዱ ወገን የፈረስ መሄጃና አጥር አለው። በሌላው ወገን አጥር የለም፤ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ወደ ጎን ሲመለከት የሚያየው ገደሉን ነው። ዩኔስኮ በ2009 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ከዚያ ባቡር መጣ። ፈረስ 25 ቶን የጫነ ጀልባ በእግር ፍጥነት ሲጎትት፣ ባቡሩ እያፏጨ ያልፋል። አንዳንዱን ቦይ ራሳቸው የባቡር ኩባንያዎቹ ገዙትና ችላ አሉት። የጭነት ዋጋ ሲወርድ ጀልበኛው የቤት ኪራይ መክፈል አቃተው። ሚስቱንና ልጆቹን ጀልባው ላይ አወጣ። መኖሪያቸው ከኋላ ያለች ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የማትሞላ ክፍል ነች። ምድጃው እዚያ፣ አልጋው እዚያ፣ ወሊዱ እዚያ፣ ለቅሶው እዚያ። እናት መሪውን ትይዛለች፣ ልጅ ፈረሱን ትነዳለች፣ አባት ቀድሞ ሎኩን ይከፍታል። ልጆቹ አንድ ቦታ ስለማይረጉ ፊደል ሳይቆጥሩ ያድጋሉ። ጆርጅ ስሚዝ የሚባል ሰው ስለነዚህ ልጆች እየጻፈና እየጮኸ ፓርላማው በ1877 እና በ1884 ሕግ እንዲያወጣ አደረገ። ሕጉ ግን ለማስፈጸም ከባድ ነበር፤ ጀልባው ነገ ሌላ ወረዳ ነውና።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ውበትን አልተዉም። በሩን፣ ባልዲውን፣ የውሃ ማሰሮውን በጽጌረዳና በግንብ ሥዕል አደመቁት። ናሱን ወልውለው አበሩት፤ ጥልፍ ሰቀሉ። ጭነታቸው ከሰል ነው፣ ቤታቸው ግን አበባ ነው። ዛሬ ለመዝናናት ጀልባ የሚገዛ ብዙ ሰው የሚያስለው ይህንኑ ጽጌረዳና ግንብ ነው። ድሃው ጀልበኛ ያወረሰው ነው።

አሁን ወደ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አሻግራችኋለሁ። ቦዮቹ ደክመዋል። ሎኮቹ በስብሰዋል፣ ደለል ሞልቷቸዋል፣ በከተሞች ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ሆነዋል። በ1939 ቶም ሮልት የሚባል መሐንዲስ ክሬሲ የምትባል አሮጌ ጀልባ አድሶ፣ አዲስ ሙሽራውን ይዞ በመካከለኛው እንግሊዝ ቦዮች ላይ ተጓዘ። ያየውን ጻፈው፤ ‹ጠባብ ጀልባ› የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፉ በ1944 መጨረሻ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ ታተመ። በጦርነት የሰለቸ ሕዝብ መጽሐፉን ወደደው። ከአንባቢዎቹ አንዱ ሮበርት ኤክማን የሚባል የለንደን ጸሐፊ ነበር። ደብዳቤ ጻፈለት፤ በ1945 ታርድቢግ በሚባል ቦታ፣ ክሬሲ በቆመችበት ተገናኙ። በዓመቱ፣ በ1946፣ የአገር ውስጥ የውሃ መንገዶች ማኅበርን መሠረቱ።

የመጀመሪያው ውጊያቸው ምን እንደሆነ ስሙ። በስትራትፈርድ ቦይ ላይ ሊፈርድ የሚባል ተነሺ ድልድይ ነበር። ተበላሸና ባለቤቱ የባቡር ኩባንያ በብረት አስሮ ዘጋው፤ ማን ሊያልፍበት ብሎ። ሕጉ ግን ማለፍ የሕዝብ መብት ነው ይላል። በፓርላማ ጥያቄ ቀረበ፤ አስቀድሞ ላሳወቀ ሰው ድልድዩ ይነሳል የሚል መልስ ተሰጠ። ሮልት ወዲያው አሳወቀ! በግንቦት 1947 ክሬሲን ይዞ መጣ። ቦዩ በአረምና በቆሻሻ ከመሞላቱ የተነሳ ጀልባዋ ሆዷን እያሻሸች ነው የሄደችው። ድልድዩ ሥር ሲደርስ የኩባንያው ሠራተኞች በክሪክ እያነሱ ጠበቁት። ክሬሲ አለፈች። ሌሎችም እያሳወቁ ይመጡ ጀመር፤ በየጊዜው ያን ብረት በክሪክ ማንሳት የማን ጫንቃ ይችለዋል?

ሁለቱ ሰዎች ወዳጅነታቸው አልዘለቀም። ኤክማን እያንዳንዱ ቦይ ይዳን፣ አንድም አይዘጋ ይላል። ሮልት ደግሞ መጀመሪያ የጀልበኞቹ እንጀራና ኑሮ ይዳን፣ የሚሠራው ቦይ ይቅደም ይላል። በ1951 ሮልትን ከማኅበሩ አስወጡት። እኔ ከሁለቱ ልቤ የሚያደላው ወደ ሮልት ነው፤ ሆኖም ዛሬ ውሃ ያለባቸው ብዙ ቦዮች ውሃቸውን ያገኙት ከኤክማን ግትርነት መሆኑን መካድ አልችልም። ሮልት የፈራው ደረሰ። በ1962 ገና ማግስት ብርድ ወረደና ቦዮቹ እስከ መጋቢት በረዶ ሆነው ቆዩ፤ ጀልባዎች ባሉበት ተቀርቅረው ቀሩ። ደንበኞች ወደ ከባድ መኪና ዞሩ፣ አልተመለሱም። ከመጨረሻዎቹ መደበኛ ሥራዎች አንዱ፣ በምዕራብ ለንደን ለነበረ የማርማላታ ፋብሪካ ከሰል ማመላለሱ፣ በ1970 አበቃ።

ስፋቱን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ብሪንድሊ የወሰነው ያ ጠባብ ሎክ ነጋዴውን ገድሎታል፤ ጀልባ አድጎ ከባቡር ጋር መፎካከር አልቻለም። በጀርመንና በሆላንድ ቦዮች ሰፍተው ዛሬም ሺህ ቶን የጫኑ መርከቦች ይሄዱባቸዋል። ያው ጠባብነት ግን ለሌላ ሰው በር ከፈተ። ባልና ሚስት ሎኩን በራሳቸው ጉልበት ይከፍቱታል፣ መሐንዲስ አያስፈልጋቸውም፤ ልጅ የመክፈቻውን ዘንግ ታሽከረክራለች። ለጭነት ያነሰው ለቤተሰብ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ለማየት ግን ቦዩ መኖር አለበት። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአካባቢው አስተዳደር አንድ ድልድይ ማደስ ከበደውና የስትራትፈርድ ቦይ ይዘጋ ብሎ ጠየቀ። ለመዘጋት ሦስት ዓመት ማንም ያልተጠቀመበት መሆን ነበረበት። ሁለት ታንኳ ቀዛፊዎች ቀን የተጻፈበት የማለፊያ ትኬታቸውን ይዘው ቀረቡ። ቁራጭ ወረቀት ነው! ቦዩ ሳይዘጋ ቀረ፣ ለናሽናል ትረስት በኪራይ ተሰጠ። ዴቪድ ሃቺንግስ የሚባል ሰው ሥራውን መራው፤ በጎ ፈቃደኞች መጡ፣ ወታደሮች መጡ፣ ከበርሚንግሃም ወህኒ ቤት እስረኞች መጡ። ጭቃውን ዝቀው፣ መዝጊያውን ሠርተው ጨረሱ፤ በሐምሌ 1964 የንግሥቲቱ እናት መርቀው ከፈቱት። ያን ቦይ ያዩ ሁሉ፣ ይህ ከተቻለ የኛስ ለምን አይቻልም አሉ። የቦዮቹ ትንሣኤ እውነተኛው መባቻ ለኔ ይህ ነው።

በደቡብ በኩል ከሬዲንግ በባዝ በኩል እስከ ብሪስቶል የሚሄድ፣ ወንዞቹን ጨምሮ 140 ኪሎ ሜትር የሚሆን የኬኔትና ኤቨን ቦይ አለ። መሐንዲሱ ጆን ሬኒ ነው፤ በ1810 ተጠናቀቀ። ዲቫይዚስ ከተማ አጠገብ ኬን ሂል የሚባል ዳገት ላይ 29 ሎኮች አሉት፤ 16ቱ እንደ ደረጃ በአንድ መስመር ተሰልፈው ይወጣሉ። የላይኛውን ውሃ ለመሙላት ክሮፍተን ላይ የእንፋሎት ፓምፕ ተከሉ፤ ከሁለቱ ሞተሮች አንደኛው የ1812 ሥራ ሲሆን ዛሬም በቦታው ቆሞ ውሃ መሳብ ይችላል። ይህን ቦይ በ1852 የባቡር ኩባንያ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ እያዘቀዘቀ ሄደ። የኛ ሰው ባዝ ሲባል የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የቆዩት በዚያች ከተማ፣ በፌርፊልድ ቤት ነው። በእነዚያ ዓመታት በከተማዋ ሲያልፍ የነበረው ቦይ ጀልባ የሚናፍቅ ቦይ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ፋሲካ የዲቫይዚስ ስካውቶች ከከተማቸው እስከ ለንደን ዌስትሚንስተር በ100 ሰዓት ውስጥ እንቀዝፋለን ብለው ተወራረዱ። 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ በበሰበሰው ሎክ ሁሉ ታንኳውን ተሸክመው መሮጥ ነበረባቸው። አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በየፋሲካው ይካሄዳል። በ1956 ቦዩ ሊዘጋ ሲል ከ20,000 በላይ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ለንግሥቲቱ በውሃ ተጉዞ ለንደን ገባ። በ1962 የቦዩ ማኅበር ተቋቋመ፤ ሰዎች ቅዳሜና እሁዳቸውን ጭቃ ውስጥ አሳለፉ፣ የገንዘብ ሣጥን ይዘው በየከተማው ዞሩ። በ1968 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ ለብዙ ቦዮች የመዝናኛ መንገድ ሆኖ የመኖር ዋስትና ሲሰጥ፣ ይህኛውን ዋስትና ካላገኙት ቀሪዎች መካከል አስቀመጠው። እነሱ ግን አላቆሙም። ነሐሴ 8 ቀን 1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ ኬን ሂል ላይ ተገኝተው ቦዩን ከፈቱት። በዚያ አቤቱታ ላይ በጎልማሳነታቸው የፈረሙ ሰዎች ሽማግሌ ሆነው ነበር፤ ብዙዎቹም አልፈዋል።

በ2001 ከምድር በታች አምስት ኪሎ ሜትር የሚሄደው የስታንዴጅ ዋሻ እንደገና ለጀልባ ተከፈተ። በ2012 በእንግሊዝና በዌልስ ያሉት 3,200 ኪሎ ሜትር የሚሆኑ የውሃ መንገዶች ከመንግሥት እጅ ወጥተው ለአንድ የበጎ አድራጎት ባለአደራ ተሰጡ። ዛሬ ውሃው ላይ ከ30,000 የሚበልጡ ጀልባዎች አሉ፤ ከሰል በሚጫንበት ዘመን እንኳ ይህን ያህል አልነበሩም። ፍጥነታቸው በሰዓት ከ6.4 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ዳር ዳሩን፣ ፈረስ ይሄድበት በነበረው መንገድ፣ ሰው ይራመዳል፣ ብስክሌት ይነዳል፣ ዓሣ ያጠምዳል። የቤት ዋጋ ያባረራቸው ብዙዎችም ጀልባቸው ላይ ይኖራሉ፤ ቋሚ ማቆሚያ የሌላቸው በየ14 ቀኑ ቦታ መቀየር አለባቸው። ጀልባ መኖሪያ የሆነው በዋጋ ግፊት ነበር፤ ዛሬም በዋጋ ግፊት ነው። ስለ መዝናኛ ሲወራ እነዚህ ሰዎች እንዳይረሱብኝ እፈልጋለሁ።

ጣጣውም አለ። ቦይን ዘግቶ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ጭቃው ከደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ይፈሳል። ለቦዮቹ ውሃ የሚያጠራቅሙት ግድቦችም አርጅተዋል። በነሐሴ 2019 በ1830ዎቹ የተሠራው የቶድብሩክ ግድብ ከባድ ዝናብ ጎድቶት፣ ከሥሩ ካለችው ከዌይሊ ብሪጅ ከተማ 1,500 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ ሄሊኮፕተር በጆንያ ድንጋይ እየጣለ ቀዳዳውን ደፈነ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ2023፣ መንግሥት ለባለአደራው የሚሰጠው ድጎማ ከ2027 ጀምሮ በየዓመቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስታወቀ። በግንቦት 2024 ጀልበኞቹ ጽጌረዳና ግንብ የተሣለባቸውን ጀልባዎች በቴምስ ወንዝ እየነዱ መጥተው ከፓርላማው ፊት ለፊት አለፉ። የጠየቁት ገንዘቡ አይቀነስ ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር እጠይቃለሁ።